የሁለት ባልዲ ጨው ውሃ ነገር

ባህር የሌለው አገር ሰው ስለ ባህር ውሃ አደፋፍ ምን አገባው ብትሉኝ አልቀየማችሁም። እኔም ጉዳዩን መጀመሪያ ስሰማ ያልኩት ይኼንኑ ነው። የእኛ ሰው ጨውን በደንብ ያውቀዋል። ግን የሚያውቀው ከአፋር ምድር በግመል ጀርባ ተጭኖ ሲመጣ፣ አሞሌ ሆኖ ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ሲመነዘር ነው። ጨው ይሸመታል፣ ይቆጠባል፣ ከጎረቤት ይለመናል እንጂ በባልዲ ተቀድቶ አይደፋም። ተረታችን እንኳ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ሲል ያስፈራራው ያልጣፈጠውን ጨው ነው። ደህናውን ጨው በገንዘቡ ገዝቶ፣ መዝኖ፣ በተጣራ ውሃ በጥብጦ፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚደፋ ሰው አለ ቢባል አያቶቻችን በሳቅ ይሞቱ ነበር።

አለ። የአጎቴ ልጅ ነው። አሜሪካ ከገባ ሃያ ምናምን ዓመት አልፎታል፤ የሚኖረውም ሐበሻ በበዛበት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድርያ ከተማ ዳርቻ ነው። ሳሎኑ ውስጥ፣ እኛ ቡፌ በምናቆምበት ቦታ፣ 280 ሊትር ያህል የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ገትሯል። አኳሪየም ይሉታል። ሆቴል ቤት መግቢያ ላይ ወርቃማ ዓሣ የሚዋኝበትን ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ የባህሩን ነው። ሰማያዊ መብራት በርቶበት፣ ኮራሉ እንደ አበባ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ብርቱካናማዎቹ ዓሦች በመካከሉ ሽው ሲሉ ያየ እንግዳ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የገባ ይመስል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እውነቴን ነው፤ እኔም አድርጌያለሁ።

የዚህ ውበት ጓዳ ግን ሥራ የበዛበት ነው። ጨው በከረጢት ይገዛል። በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ 35 ግራም ያህል ሆኖ ይበጠበጣል፤ የውቅያኖስ ልክ ይኸው ነውና። ዓሣው ይበላል፤ የበላ ደግሞ መቼም ያው ነው። ከእዳሪው አሞኒያ ይወጣል። ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱ ግን መሄጃ ስለሌለው እየተጠራቀመ ይሄዳል። ስለዚህ ባለቤቱ በየሁለት ሳምንቱ 40 ሊትር ያህል አሮጌ ውሃ ቀድቶ ያወጣና በአዲስ ይተካል። ሁለት ባልዲ መሆኑ ነው። ባህር ራሱን በራሱ ያጥባል፤ ሳሎን የገባ ባህር ግን ሎሌ ይፈልጋል።

ጥያቄው እንግዲህ ይኼ ነው፤ ሁለቱ ባልዲዎች የት ይደፉ?

እዚያ በሰነበትኩበት ወቅት ቤቱ በዚህ ጉዳይ ለሦስት ተከፍሎ ነበር። አባወራው ደጅ ወጥቶ አስፋልቱ ጥግ ካለው የጎርፍ መውረጃ ቱቦ ይደፋዋል። ባለቤቱ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የትም ድፋው፣ ጎመኔ አጠገብ እንዳትደርስ!» እውነት አላት። ጨው ከተክሉ ሥር ውሃውን መልሶ ይመጠዋል፤ አፈሩንም ያበላሸዋል። መካከለኛው አዋሽ ላይ ጨው እየወጣባቸው የተተዉ የመስኖ ማሳዎች ስላሉ እኛ ይኼን ለማወቅ ቨርጂኒያ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። እዚያው የተወለደችው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ደግሞ «ሽንት ቤት ነው መደፋት ያለበት» ባይ ናት። ምክንያቷ ግልጽ ነው። የሽንት ቤቱ ቧንቧ ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ይሄዳል። የአስፋልቱ ቱቦ ግን የዝናብ ውሃ መንገድ ስለሆነ ማንም ሳያጣራው ወደ ሰፈሩ ጅረት፣ ከጅረቱ ወደ ፖቶማክ ወንዝ፣ ከወንዙ ወደ ቼሳፒክ ባህረ ሰላጤ ይወርዳል። በዚያ አካባቢ ብዙዎቹ ቱቦዎች አፍ ላይ የዓሣ ሥዕል ያለበት ማስጠንቀቂያ አለ። ልጅቷ ጣቷን ትቀስርበታለች፤ አባትየው ባልዲውን አስቀምጦ ይሸፍነዋል።

«ጋሼ፣ አንተ መምህር አይደለህ? እስቲ ፍረድ» አለኝ አንድ ቅዳሜ።

ክርክሩ የዋዛ አልነበረም። አንደኛ፣ ሁለት ባልዲ ውሃ ያን ለሚያህል ወንዝ ምኑ ነው? ሁለተኛ፣ ወንዙ መጨረሻው አትላንቲክ ውቅያኖስ አይደለም ወይ? የባህር ውሃ ወደ ባህር ቢሄድ አገሩ ገባ እንጂ ምን ጠፋ? ሦስተኛውና ጠንካራው ደግሞ፣ ክረምት ሲመጣ መንግሥት ራሱ በረዶ እንዲያቀልጥ ብሎ በየመንገዱ ጨው በመኪና እየጫነ ይበትናል። በመላው አሜሪካ በዓመት ወደ 20 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል፤ በረዶው ሲቀልጥ የሚወርደውም በዚያው ቱቦ ነው። የእሱን አሰላነው። 40 ሊትር በ35 ግራም፣ 1.4 ኪሎ፤ በዓመት ለሃያ ስድስት ጊዜ፣ 36 ኪሎ ገደማ። የአንድ ዓመቱ ጨው አንዱ መኪና ላይ ቢጫን ሾፌሩ መጫኑንም አያውቅ።

«የእኔ ቢቀር ምን ይለወጣል?» የሚለው ጥያቄ አሜሪካ የተፈለሰፈ አይደለም። ግብር የማይከፍለውም፣ ሰልፍ የሚያቋርጠውም፣ ከደን አንዲት ዛፍ ብቻ የሚቆርጠውም የሚለው ይህንኑ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆናታን ግሎቨር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ ለዚህ አስተሳሰብ አንድ ምሳሌ ፈጥሮለታል፤ እኔም በማስተምርበት ዘመን ለተማሪዎቼ እነግራቸው ነበር። መቶ የመንደር ሰዎች ምሳቸውን ሊበሉ ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ሳህን ላይ መቶ መቶ ፍሬ ባቄላ አለ። መቶ መሣሪያ የታጠቁ ሽፍቶች ይመጡና አንዱ ሽፍታ የአንዱን ሰው ሳህን ቀምቶ ጥርግ አድርጎ ይበላል። በሌላ ጊዜ ግን ሽፍቶቹ ኅሊናቸው ይቆረቁራቸዋል። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? እያንዳንዱ ሽፍታ ከእያንዳንዱ ሳህን አንዲት ፍሬ ብቻ ያነሳል። አንዲት ፍሬ ባቄላ ብትጎድል ማንም አይራብ፤ ስለዚህ ማንም ሽፍታ ማንንም አልጎዳም። ሽፍቶቹ ግን እንደ በፊቱ ጠግበዋል፤ መንደርተኞቹም እንደ በፊቱ ጦማቸውን አድረዋል። (አንድ ከኋላ የሚቀመጥ ተማሪ «መምህር፣ ይሄማ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነው» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፍርሶት ነበር። ከብዙ የፈተና ወረቀት ይልቅ ያቺን መልስ አስታውሳታለሁ።)

ለአጎቴ ልጅ ባቄላውን ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ «ጋሼ፣ እኔ ባቄላ አላነሳሁም፤ ጨው ነው የጨመርኩ» አለኝ።

ቀልዱ ውስጥ ቁም ነገር አለ። የግሎቨር ምሳሌ የሚሠራው የሽፍቶቹ ፍሬ አንድ ላይ ሲደመር ሳህን ባዶ የሚያስቀር ከሆነ ነው። አኳሪየም ያለው የቨርጂኒያ ሰው ሁሉ ጨው ውሃውን ቢደፋ እንኳ የመንገዱን ጨው አጠገብ አይደርስም። ይባስ ብሎ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የሟሟ ጨው አያወጣም፤ ስለዚህ በሽንት ቤት የወረደውም ጨው ዞሮ ዞሮ ወንዝ መግባቱ አይቀርም። በበጋ ውሃዋ የቀነሰች የሰፈር ጅረት ላይ ያ ሁሉ ጨው ባንዴ ቢያርፍ እዚያ ያሉትን ነፍሳትና እንቁራሪቶች ማንገላታቱ እውነት ነው። ወንዙን በተመለከተ ግን፣ በጨው ብቻ ከተፋረድን፣ አባትየው ይረታል። እኔም ይህንን ደብቄ ለልጅቷ ልፈርድላት አልፈልግም።

ባልዲው ውስጥ ያለው ግን ጨው ብቻ አይደለም።

ወደ ሞናኮ ልውሰዳችሁ። እዚያ የሜዲትራኒያን ባህር ቁልቁል የሚታየው፣ ገደል ላይ የተሠራ ስመ ጥር የውቅያኖስ ሙዚየም አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ከሙዚየሙ ግርጌ፣ ባህሩ ወለል ላይ፣ አንድ ካሬ ሜትር ያህል የምትሸፍን ብሩህ አረንጓዴ አረም ታየች። ኮለርፓ ታክሲፎሊያ ትባላለች። ዘመዶቿ የሞቃት ባህር ተክሎች ናቸው። ይቺኛዋ ግን በአውሮፓ አኳሪየሞች ውስጥ ስትራባ ኖራ ቅዝቃዜን የምትችል ዝርያ ነበረች። የዓሣ አርቢዎች የወደዷትም ስለምታምር፣ ቶሎ ስለምታድግና በቀላሉ ስለማትሞት ነው፤ ሦስቱም ኋላ ላይ ክስ ሆነውባታል። የኒስ ዩኒቨርሲቲው የባህር ሥነ ሕይወት ሊቅ አሌክሳንድር ሜኔዝ «ከሙዚየሙ ገንዳ የወጣች ናት» ብለው ጮኹ። የሙዚየሙ ኃላፊዎች አልተቀበሏቸውም። ሙግቱ ዓመታት ፈጀ፤ አረሟ ግን ፍርዱን ቆማ አልጠበቀችም። እ.ኤ.አ. 2000 ሲያልቅ የደረሰችበት የባህር ወለል በስድስት አገሮች ዳርቻ ከ130 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ነበር።

ይቺ ተክል የምትገርም ፍጥረት ናት። ቅጠል አላት፣ ግንድ የሚመስል አላት፣ ሥር የሚመስል አላት፤ ነገር ግን ሁለመናዋ አንድ ነጠላ ሕዋስ ነው። ስትቆረጥ አትሞትም፤ ቁራጯ ራሷን የቻለች ሌላ ተክል ትሆናለች። መልህቅ ላይ ተጠምጥማ ከወደብ ወደብ ትጓዛለች። እ.ኤ.አ. በጁን 2000 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሳንዲያጎ በስተሰሜን አንድ የባህር ዳር ሐይቅ ላይ ብቅ አለች፤ አኳሪየም ያለው ሰው ደፍቷት መሆን አለበት ተባለ። ጠላቂዎች ገብተው በፕላስቲክ ሸፈኗት፤ ከሥሩ ክሎሪን ለቀቁባት። ጠፍታለች ተብሎ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ስድስት ዓመትና ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወስዷል። ለሐቁ ያህል፣ በሜዲትራኒያን በኩል ኋላ ላይ በብዙ ቦታ እየከሰመች ሄዳለች። ግን ይህ የደፋውን ሰው ነጻ የሚያወጣው አይመስለኝም።

እንግዲህ ትንሽ የምንለው ነገር ሁለት ዓይነት ነው ማለት ነው። አንዱ ትንሽ ይደመራል፤ እንደ ጨው፣ እንደ ባቄላ። ከሌላው ሰው ትንሽ ጋር ካልተገናኘ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ትንሽ ግን ይራባል። ይኼኛው ተባባሪ አይፈልግም፤ መቶ ሽፍታም አያሻው። «የእኔ ብቻ ቢሆን ምን ያመጣል?» የሚለው መከራከሪያ ለሚደመረው ትንሽ ቢያንስ ለክርክር ይመቻል። ለሚራባው ትንሽ ግን ጭራሽ ቦታ የለውም፤ የሚበቃው እኮ የአንዱ ብቻ ነው። ቋንቋችን ይህን ሳያውቀው ያወቀ ይመስለኛል። አንድ ሸክም ከላያችን ሲወርድ «ተገላገልኩ» እንላለን። ሴት ልጅ ስትወልድም «ተገላገለች» እንላለን። ባልዲውን የደፋ ሰው ተገላገልኩ ሲል ከሁለቱ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ የሚታወቀው ቆይቶ ነው።

አባትየው እዚህም ላይ መልስ አላጣም። ፖቶማክ በአሌክሳንድርያ በኩል ጨው የለውም፤ የባህር አረም እዚያ ቢገባ ይሞታል እንጂ አይራባም አለ። ትክክል ነው። ልጅቷ ግን ስልኳን እየነካካች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «አባዬ፣ እኛ እኮ ባልዲው ውስጥ ምን እንዳለ አናውቅም» አለችው። እኔ በብዙ ቃል ስዞረው የቆየሁት እዚህች ላይ ነበር። የሽንት ቤቱ ቧንቧ ከአስፋልቱ ቱቦ የሚሻለው ውሃውን ስለሚያጠፋው አይደለም። በሌላኛው ጫፍ ላይ ምን እንደመጣ የመመርመርና የማከም ሥራው የሆነ፣ ለዚሁ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ስለቆመ ነው። የአስፋልቱ ቱቦ ጫፍ ላይ የቆመችው እንቁራሪት ናት። «ጣልኩት» የምንለው ነገር ሁሉ ለሆነ ተቀባይ የሚቀበል ነው፤ ምግባር የሚባለውም ጥያቄ የሚጀምረው ተቀባዩ ማን ነው፣ ያውቃል ወይ፣ ይችለዋል ወይ ከሚለው ይመስለኛል። የሚደፋውን መጠን መለካት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ይኼን ሳስብ ከዚያው አካባቢ የተሰማ አንድ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ዓሣው የባህር ሳይሆን የጣፋጭ ውሃ ነው፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሜሪላንድ ውስጥ፣ ክሮፍተን በምትባል ከተማ፣ አንድ ኩሬ ላይ ጥርሳም የእስያ ዓሣ ተጠመደ። ስኔክሄድ ይሉታል፤ ባለእባብ ራስ እንደማለት ነው። ጉዳዩ ሲጣራ፣ አንድ ሰው የታመመች እህቱን በሾርባ ሊያስታምም ከኒውዮርክ ሁለት ነፍስ ያላቸው ዓሦች አስመጥቶ ነበር። ዓሦቹ ሲደርሱ እህቲቱ ድናለች። ሰውየው ሊያርዳቸው አልፈለገም፤ በቤቱ አኳሪየም ሲያኖራቸው ቆየና ሲያድጉበት ወስዶ ኩሬ ውስጥ ለቀቃቸው። እስቲ ከዚህ ሰው ላይ ክፋት ፈልጉ። እህቱን ይወዳል፤ ነፍስ ማጥፋት ይከብደዋል። ኩሬው ግን በመርዝ ተጠረገ፤ ከመቶ በላይ ግልገሎች ተገኙ። ሰውየው የይርጋ ጊዜው ስላለፈ አልተከሰሰም። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ዓይነት ዓሣ ፖቶማክ ውስጥ ተገኘ። የዘር ምርመራው ግን የወንዞቹ ዓሦች ከኩሬዎቹ የተወለዱ እንዳልሆኑ አሳየ። ሌላ ሰው፣ ሌላ ባልዲ። ምናልባትም ሌላ ርኅራኄ። አሁን ዓሣው አገር ለምዷል፤ ሰውም ያጠምደዋል፣ ይበላዋል።

ርኅራኄያችን ብዙ ጊዜ ዓይናችን እስከሚያይበት ብቻ ነው የሚሄደው። የያዝነውን ዓሣ ፊት እናየዋለን፤ ኩሬው ውስጥ ያሉትን አናያቸውም። ለዚህ ነው የአኳሪየም አዋቂዎች የማያስፈልግ ዓሣ ወደ ሻጩ ወይም ወደ ሌላ አርቢ ይመለስ፣ አረሙ ደግሞ በላስቲክ ታስሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ሆኖ ካደረ በኋላ ቆሻሻ ውስጥ ይጣል የሚሉት። ጭካኔ ይመስላል። አይደለም።

አገራችን ስንገባስ? እምቦጭን ያመጣው ጠላት አይመስለኝም። ከአማዞን ወዲህ ዓለምን የዞረው ሐምራዊ አበባው አምሮ ስለታየ፣ ለጌጥ ነው። እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃ ላይ ተመዘገበ፤ በ2011 ጣና ላይ። ገበሬው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል የኖረው አንድ የማናውቀው ሰው «ሲያምር!» ብሎ የጀመረውን ነገር ነው።

ግን የእኛ ችግር ከዚህም ይለያል። የአጎቴ ልጅ ቤት ሽንት ቤቱ ከሳሎኑ አሥር እርምጃ ነው። ትክክለኛውን ነገር ለማድረግ የሚጠበቅበት ባልዲውን ወደ ግራ ሳይሆን ወደ ቀኝ መውሰድ ብቻ ነው። ደግነት እንዲህ በቧንቧ ሲቀርብ የማይጠቀምበት ሰው ቢወቀስ አይበዛበትም። አዲስ አበባ ላይ ግን የፍሳሽ መስመር ያልደረሰው ቤት ብዙ ነው። እጣቢው ቦይ ይገባል፣ ቦዩ ወንዝ ይገባል፣ ወንዙ አቃቂ ይወርዳል፤ በአቃቂ ዳር ጎመንና ሰላጣ በዚያው ውሃ ይለማል፤ ጎመኑም በማለዳ ተጭኖ ገበያችን ይመጣል። ተቀባዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ የራሳችንን ሳህን ማየት ይበቃል። ታዲያ ተቀባዩ እየታወቀ፣ የሚያቀብልበት ሌላ መንገድ የሌለውን ሰው ምን እንበለው? ፈላስፎቹ ስለ ባቄላው ሲከራከሩ ሳህኑን ያልነኩበት ሌላ ምሳ አለ ብለው ነው።

አያቴ እጣቢ ልትደፋ ስትወጣ በር ላይ ቆም ብላ «ዘወር በሉ!» ትል ነበር። ደጅ ሰው ኖረም አልኖረም ትላለች። ሰፈሩ ውስጥ ማንንም እንዳልነካች ታውቅ ነበርና ባዶ ጋኗን ይዛ በሰላም ትገባለች። ያን ጊዜ መሬቱ ሰፊ ነበር፤ አተላውንም ከብት ይጠጣው ነበር።

አሁን እኛ ሰፈር ጠላ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ከብት የለም፤ የሚቀበላቸው የለም። በየማታው አተላውን በጀሪካን ሞልተው ከቦዩ አፍ ይቆማሉ። አንድ ምሽት ሳልፍ ሰላም አልኳቸውና ዓይኔ ጀሪካኑ ላይ ሳያርፍ አልቀረም፤ ሳልጠይቃቸው መለሱልኝ።

«የት ልድፋው ታዲያ፣ ልጄ?»

የምለው ጠፍቶኝ ቆምኩ። እሳቸውም አልደፉም። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሁለት ሕፃናት ቦዩን በድንጋይ ላይ እየዘለሉ ሲሻገሩ አዩና፣ እስኪያልፉ ጠበቁ።